ከእንጨት ስኳር፦ ኢንዛይሙ ቀርቶ ስኳሩ ብቻ የሚወጣበት ዘዴ

ከአንድ ኪሎ ደረቅ የባሕር ዛፍ እንጨት ግማሽ ኪሎ ያህል ስኳር ሊወጣ ይችላል ብንል፣ ቤት ያሉ ትልልቆቻችን «እንጨት ደግሞ መቼ ጣፍጦ ያውቃል?» ብለው ይስቁብናል። ልክ ናቸው፤ እንጨት ቢላስም ቢታኘክም አይጣፍጥም። ስኳሩ ግን በውስጡ አለ። የሚያስቸግረው አወጣጡ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው ደግሞ፣ አንዴ መውጣት ከጀመረ በኋላ የት ይሂድ የሚለው ነው። እንጨትን የሚፈቱት ኢንዛይሞች ራሳቸው ያወጡት ስኳር ሲከማችባቸው ሥራቸው እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የዛሬው ትምህርት በአብዛኛው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

ርዕሱ ባዮቴክኖሎጂ፣ የኬሚካል ምሕንድስናና እርሻ የሚማሩ ጓደኞቻችን ክፍል ውስጥ በዕብራይስጥ የሚሰሙት ነው። ሴሉሎስን እዚያ «ታኢት»፣ ስታርችን «ዓሚላን» ይሉታል። እኔ የምማረው ሶሻል ወርክ ስለሆነ ቀመሩን ለእነሱ ትቼ፣ አሠራሩን ወላጆቻችንም እንዲከተሉት አድርጌ ለማስረዳት እሞክራለሁ። እንዲያውም ብዙዎቹ እናቶቻችን ግማሹን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል።

ብቅል የሚያውቅ ኢንዛይም ያውቃል

ለጠላ የሚሆን ገብስ መጀመሪያ ይዘፈዘፋል፣ ይበቅላል፣ ከዚያ ይደርቃል። ለምንድን ነው የሚበቅለው? ዘሩ ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይሩ ኢንዛይሞችን ያመነጫል። ኢንዛይም ማለት አንድን የተወሰነ ሥራ የሚያፋጥን፣ ያንን ሥራ ሲጨርስም ራሱ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው የሚሄድ ፕሮቲን ነው። ብቅል ፀሐይ ላይ የሚሰጣው፣ እንደ አሻሮ ምጣድ ላይ የማይቆላውም ይህን ኢንዛይም ለማትረፍ ነው፤ ኃይለኛ ሙቀት ያበላሸዋል። በኋላ በጋኑ ውስጥ የብቅሉ ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ስኳር ያደርገዋል፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን አልኮል ያደርገዋል። እናቶቻችን ኢንዛይም የሚለውን ቃል ሳይሰሙ ኢንዛይም ያዘጋጁ ነበር ማለት ነው።

ቤት ውስጥ የሚሞከር አንድ ነገር አለ። ቁራሽ ዳቦ ሳትውጡ ረዘም ላለ ጊዜ አኝኩ፤ እየጣፈጠ ይመጣል፣ ምራቃችን ውስጥ ከብቅሉ ጋር የሚመሳሰል ኢንዛይም አለና። ንጹሕ ጥጥ ብታኝኩ ግን እስከ ማታ ብትቆዩም አይጣፍጥም። የሚገርመው ዳቦውም ጥጡም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ስኳር፣ ከግሉኮስ መሆኑ ነው። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። በስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ የተያያዙበት አቅጣጫ ሰንሰለቱን ጥቅልል ያደርገዋል፤ ውሃና ኢንዛይም በቀላሉ ይገቡበታል። በሴሉሎስ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ስለሚያያዝ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተጣብቀው እንደ ገመድ ይሆናሉ። በአንዱ ሰንሰለት ላይ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ግሉኮስ አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ለሴሉሎስ የተተረተ ይመስላል።

እንጨት ደግሞ ከጥጥ ይብሳል። ጥጥ ሴሉሎስ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ እንጨት ግን ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ ሲሠራ ያየ ሰው ማገሩን፣ ማሰሪያውን ልጥና ምርጊቱን ያውቃል። ሴሉሎስ ማገሩ ነው፤ ከደረቅ እንጨት ክብደት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው። ሄሚሴሉሎስ የሚባለው ከልዩ ልዩ ስኳሮች የተሠራ አጭር ሰንሰለት እንደ ልጡ ያስራል። ሊግኒን ደግሞ ምርጊቱ ነው፤ ስኳር አይደለም፣ ውሃ አይወድም፣ ኢንዛይምም አያሳልፍም። ሁለቱ እያንዳንዳቸው ከ20 እስከ 30 በመቶ ይይዛሉ። ስለዚህ ኢንዛይም ከመጨመሩ በፊት ምርጊቱ መሰንጠቅ አለበት። አንዱ የታወቀ መንገድ የተፈጨውን እንጨት ከ160 እስከ 220 ዲግሪ በሚደርስ እንፋሎት ለጥቂት ደቂቃ አምቆ በድንገት መልቀቅ ነው፤ በውስጡ የገባው ውሃ ፈንድቶ እንጨቱን ይበትነዋል። ይህ ክፍል ብዙ ጉልበት ይበላል፤ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ስለሚፈልግ እዚህ ላይ እንለፈው።

ድንኳን ያበላሸው ሻጋታ

በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የነበረው የአሜሪካ ጦር ድንኳኑና ልብሱ እየበሰበሰ አስቸገረው። ጨርቁ ጥጥ ስለሆነ ሴሉሎስ ነው፤ የሚበላው ደግሞ ሻጋታ ነው። ከሰለሞን ደሴቶች ከተገኘ የበሰበሰ ድንኳን የተወሰደ አንድ ሻጋታ ማሳቹሴትስ ውስጥ ናቲክ በሚገኘው የጦሩ ምርምር ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ተጠና። ኤልዊን ሪስና ሜሪ ማንዴልስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው ይህን ሥራ የመሩት። ጥናቱ የተጀመረው ጥጥን ከመበስበስ ለማዳን ነበር፤ ኋላ ግን ጥያቄው ተገለበጠና፣ ሻጋታው ጨርቅን ወደ ስኳር መቀየር ከቻለ ለምን አንጠቀምበትም ወደሚለው ዞረ። ሻጋታው በሪስ ስም ትሪኮደርማ ሪሰይ ተባለ። ዛሬ በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ የሚሸጠው ኢንዛይም በብዛት የሚመረተው ከእሱ ዘሮች ነው።

ሻጋታው የሚያወጣው አንድ ኢንዛይም አይደለም፣ ቡድን ነው። አንደኛው ዓይነት የሴሉሎሱን ሰንሰለት መሐል ለመሐል ይቆርጣል። ሁለተኛው የተቆረጠውን ጫፍ ይዞ እየጎተተ፣ ሁለት ሁለት ግሉኮስ እየቆነጠረ ይጥላል፤ ይህ የሁለት ግሉኮስ ጥንድ ሴሎባዮስ ይባላል። ሦስተኛው ጥንዱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ያን ጊዜ ግሉኮስ ተገኘ ማለት ነው። ሥራው በ50 ዲግሪ አካባቢ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ባለ ውሃ ውስጥ ይካሄዳል።

እዚህ ላይ የእስራኤል ድርሻ ሊጠቀስ ይገባል። በ1983 ራፋኤል ላሜድና ኤድ ባየር ባሳተሙት ሥራ፣ ሙቀት የሚወድ አንድ ባክቴሪያ ኢንዛይሞቹን እንደ ሻጋታው ለየብቻ እንደማይበትን፣ በአንድ ማያያዣ ፕሮቲን ላይ ደርድሮ እንደ አንድ ማሽን እንደሚያሠራቸው አሳዩ። ሴሉሎዞም የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። ባየር በኋላ በረሖቮት በቫይዝማን ተቋም ሥራውን ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል።

በር ላይ መጨናነቅ

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ሁለተኛው ኢንዛይም፣ ጎታቹ፣ ቅርጹ ዋሻ ያለው ነው። የሴሉሎሱ ሰንሰለት በአንድ በኩል ይገባል፣ ሴሎባዮስ በሌላው በኩል ይወጣል። በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ሴሎባዮስ ከሞላበት ግን የወጣው ቦታውን አይለቅም፣ ወይም ሌላው መልሶ ይገባበታል። በኋላው በር ሰው የማይወርድበትን አውቶቡስ አስቡ፤ ፊት ለፊት የቆመው ተሳፋሪ ሾፌሩ ላይ ቢጮህም መግባት አይችልም። ሦስተኛው ኢንዛይም ሴሎባዮሱን እየከፈለ በሩን ይከፍታል፤ እሱም በተራው ግሉኮስ ሲበዛበት ይዳከማል። ስለዚህ በተዘጋ ጋን ውስጥ የሚደረግ ሥራ መጀመሪያ ፈጥኖ፣ ኋላ እያዘገመ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ጥቂት በመቶ ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

ላም ይህን ችግር እንዴት ፈታችው? በጨጓራዋ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ሣሩን ሲፈቱ የሚገኙት አጫጭር አሲዶች በጨጓራው ግድግዳ በኩል ወደ ደሟ ይገባሉ። ሕዋሳቱና ያልተፈታው ሣር ግን እዚያው ይቀራሉ። ምርቱ ይወጣል፣ ሠራተኛው ይቀራል። የሜምብሬን ሪአክተር የሚባለውም በመሠረቱ ይኸው ነው።

በጣም ደቃቅ ወንፊት

ሜምብሬን ማለት ወንፊት ነው፤ ቀዳዳው ግን በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። የሞለኪውል ክብደት በሚለካበት መለኪያ ግሉኮስ 180፣ ሴሎባዮስ 342 ይመዝናል። ኢንዛይሞቹ 50,000 አካባቢና ከዚያ በላይ ናቸው። ከ10,000 በላይ የሆነውን የሚያስቀር ሜምብሬን ብናስገባ ስኳሩ ከውሃው ጋር ያልፋል፣ ኢንዛይሙና እንጨቱ ይቀራሉ። ሽሮ ሲነፋ ዱቄቱ አልፎ ክኩ እንደሚቀረው ነው። ጎስና ኮስቲክ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ዓይነት አሠራር ለሴሉሎስ በ1970 አሳትመዋል፤ ማለትም ሐሳቡ ከብዙዎቹ ወላጆቻችን ጋር እኩያ ነው።

አሠራሩ ሁለት ዋና መልክ አለው። በአንደኛው ሜምብሬኑ ከዕቃው ሥር ይደረግና ፈሳሹ በግፊት ቀጥታ ወደ ታች ይጣራል። ቀላል ነው፤ ግን ጠላ በጨርቅ ያጠለለ ሁሉ የሚሆነውን ያውቃል፣ አተላው ጨርቁ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ይዘጋል። በሁለተኛው ፈሳሹ በፓምፕ ከዕቃው ወጥቶ በሜምብሬኑ ፊት ጎን ለጎን ይሮጣል፣ ጥቂቱ ተጣርቶ ይወጣል፣ የቀረው ወደ ዕቃው ይመለሳል። የጎን ሩጫው አተላው እንዳይቀመጥ ይጠርጋል። ወንፊት የሚነቀነቀው ለምን ሆነና? ዋጋው ግን የፓምፑ መብራት ነው፤ ከዚህም ሌላ በፓምፑና በቧንቧው ውስጥ ደጋግሞ መመላለስ ኢንዛይሙን ቀስ በቀስ ያደክመዋል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ከጥንታዊዎቹ የሜምብሬን ዓይነቶች አንዱ ከሴሉሎስ የሚሠራ ነው። ሴሉሎስ የሚበላ ኢንዛይም ሴሉሎስ ሜምብሬን ውስጥ ማስቀመጥ ማለት ፍየልን በጎመን አጥር ማጠር ነው። ለዚህ ሥራ ፖሊኤተርሰልፎን የሚባለውን ዓይነት ፕላስቲክ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ሒሳቡን እንሥራ

አንድ ኪሎ ደረቅ ባሕር ዛፍ እንውሰድና ሴሉሎሱ 45 በመቶ ነው እንበል፤ 450 ግራም። እያንዳንዱ ግሉኮስ ከሰንሰለቱ ሲለቀቅ አንድ የውሃ ሞለኪውል ስለሚጨምር ክብደቱ ከ162 ወደ 180 ያድጋል። ስለዚህ 450 ግራም ሴሉሎስ ሙሉ በሙሉ ቢፈታ 500 ግራም ግሉኮስ ይሆናል። መግቢያው ላይ ያልነው ግማሽ ኪሎ ይህ ነው። በተግባር 80 በመቶ ከተሳካ 400 ግራም እናገኛለን። እርሾ ይህን ወደ አልኮል ቢቀይረው ከክብደቱ ከ51 በመቶ በላይ ሊያወጣ አይችልም፣ የቀረው በጋዝ መልክ ይሄዳል። ወደ ሩብ ሊትር የሚጠጋ አልኮል ከአንድ ኪሎ እንጨት።

ለአንድ ግራም ሴሉሎስ 20 ሚሊግራም ኢንዛይም ብንጠቀም በጠቅላላው 9 ግራም ያስፈልገናል። በተራ ጋን ውስጥ ሥራው ሲያልቅ ይህ 9 ግራም ከዝቃጩ ጋር ይጣላል። በሜምብሬን ሪአክተር ግን ይቀራል፤ በየዙሩ አንድ ሦስተኛው ይጠፋል ብንል እንኳ ለሚቀጥለው ኪሎ መጨመር ያለብን 3 ግራም ብቻ ነው። ኢንዛይም በዚህ ሥራ ውስጥ ከውዶቹ ወጪዎች አንዱ ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

እዚህ ድረስ ብቻ ብናቆም ዘዴው ያለ እንከን ይመስላል። ግን ስኳሩን እያጠብን ለማውጣት ውሃ ያለማቋረጥ መጨመር አለብን። 400 ግራሙ በ4 ሊትር ውስጥ ቢሆን በሊትር 100 ግራም ነው፣ ለእርሾ የሚበቃ። በሜምብሬኑ በኩል በ16 ሊትር ውሃ ታጥቦ ቢወጣ ግን በሊትር 25 ግራም ብቻ ነው፤ ቀጭን ሻይ። ወደ 100 ለመመለስ 12 ሊትር ውሃ ማስወገድ አለብን። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን ወደ 2.3 ሜጋጁል ሙቀት ይፈልጋል፤ 12 ሊትር ወደ 27 ሜጋጁል። ያ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ራሱ ቢነድ የሚሰጠው ከ18 እስከ 19 ሜጋጁል ገደማ ነው። እንጨቱን አንድደን ውሃውን ብናፈላ እንኳ አይበቃንም! በፋብሪካ አንድ ሙቀት ደጋግሞ የሚሠራበት ማትነኛ አለ፣ ወጪውም ያን ያህል አይደርስም። ግን ለኢንዛይም የተቆጠበው ገንዘብ ለሙቀት ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሒሳብ አላገኘሁም።

መውጫው ምናልባት ሌላ ሜምብሬን ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ይህን የማያውቅ የለም፣ ከቧንቧችን የምንጠጣው ነውና። በሐዴራና በሶሬቅ የባሕር ውሃ የሚጣራው ጨውን አስቀርቶ ውሃን ብቻ በሚያሳልፍ ሜምብሬን ነው። ይህ ዓይነት ሜምብሬን ለሥራ የበቃው ሲድኒ ሎብና ሱሪራጃን በካሊፎርኒያ በ1960 አካባቢ በሠሩት ሥራ ነው፤ ሎብ በኋላ ወደ እስራኤል መጥቶ በቤር ሼቫ አስተምሯል። በሊትር 100 ግራም ግሉኮስ ያለው ውሃ፣ በሜምብሬን ተገፍቶ እንዳይወጣ የሚታገለው የባሕር ውሃ ከሚታገለው በግማሽ ያህል ነው። የባሕር ውሃን የሚችል ማሽን ይህንንም ይችላል። ስለዚህ አንደኛው ሜምብሬን ኢንዛይሙን ያስቀራል፣ ሁለተኛው ውሃውን ያወጣል። ትርፉ የሚመዘነው ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ነው።

ሊግኒን ግን አይሄድም

በየዙሩ አዲስ እንጨት ይገባል፣ ስኳሩ ይወጣል፤ ሊግኒኑስ? ይከማቻል። ከጥቂት ዙር በኋላ ዕቃው በጥቁር ጭቃ ይሞላል፣ ማማሰልም ያስቸግራል። በተጨማሪ ኢንዛይሞቹ ሊግኒን ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ሊግኒኑን ለማስወገድ ዕቃው ሲቀዳ፣ ልናተርፈው የደከምንበት ኢንዛይም አብሮ ይፈሳል። የእኔ አስተያየት ከተጠየቀ፣ የዚህ ዘዴ ትልቁ ፈተና ሜምብሬኑ ሳይሆን ይህ ነው፤ ምርጊቱን አስቀድሞ በደንብ ያላነሳ ሰው በሜምብሬን አይድንም። ይህም ሆኖ ሊግኒኑ ቆሻሻ አይደለም፤ ደርቆ ሲነድ ለመጀመሪያው እንፋሎት ሙቀት ይሰጣል።

ለብዙ ቀን ሳይቋረጥ የሚሠራ ሙቅ የስኳር ውሃ ያልተጠሩ እንግዶችንም ይጋብዛል። አንድ የሚያኮመጥጥ ባክቴሪያ ከገባ ስኳሩን ከእኛ ቀድሞ ይበላዋል።

ለዚህ ሁሉ ነው የሜምብሬን ሪአክተር ለእንጨት እስካሁን በብዛት በቤተ ሙከራና በትንንሽ መሞከሪያ ጣቢያዎች የሚገኘው። ያለ ሜምብሬን የተሠሩት ትልልቅ ፋብሪካዎችም ቀላል ዕድል አልገጠማቸውም። ዱፖንት በአይዋ ግዛት ከበቆሎ አገዳ በዓመት 30 ሚሊዮን ጋሎን አልኮል እንዲያወጣ የሠራው ፋብሪካ በ2015 ተመርቆ፣ በ2017 ኩባንያው ሊሸጠው እንደሆነ አስታወቀ። ኢንዛይሙ አገዳውን መፍታት አቅቶት አልነበረም።

እንግዲህ በዚህ ርዕስ ሴሚናር የሚጻፍባችሁ ከሆነ ጽሑፎቹን ስታነቡ «95 በመቶ ተሳካ» በሚለው ብቻ አትማረኩ። የወጣው ስኳር በሊትር ስንት ግራም ነው? ለአንድ ግራም ሴሉሎስ ስንት ኢንዛይም ተጨመረ፣ ሜምብሬኑ ሳይታጠብ ስንት ቀን ሠራ? ደግሞ የተጠቀሙት እውነተኛ እንጨት ነው ወይስ የተጣራ ንጹሕ ሴሉሎስ? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ በዘዴው ክፍል መሐል ተደብቆ ይገኛል፤ ንጹሕ ሴሉሎስ ከሆነ የሊግኒኑ ጣጣ አልተነካም ማለት ነው።

እኔ ከተማርኩት ትምህርት የሚመጣ አንድ ሌላ ጥያቄም አለ። እንጨቱ ከየት መጣ? ጽሑፎቹ «ተረፈ ምርት» ይሉታል። እዚህ ከፍራፍሬ እርሻ የሚገረዘው ቅርንጫፍ፣ «ገዘም» የምንለው፣ ተፈጭቶ ወይ አፈር ላይ ይበተናል ወይ ይጣላል፤ ለእሱ ቃሉ ይስማማዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የወደቀውን ቅርንጫፍና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው አዲስ አበባ የሚያወርዱ እናቶች አሉ፤ በብዙ ቤትም ምግብ የሚበስለው በእንጨትና በከሰል ነው። እዚያ ቅርንጫፉ ማገዶ ነው፣ እንጀራ ነው። ሰጋቱራውም ቢሆን በየምድጃው ይፈለጋል። ስለዚህ ዘዴው ወደዚያ ቢሄድ መጀመሪያ የሚቆጠረው የሜምብሬኑ ዋጋ ሳይሆን፣ ያ ሸክም ሪአክተር ውስጥ ሲገባ የዚያች ቤት ድስት በምን ይጣዳል የሚለው ነው።